«ሕመሙ ጠፍቷል፤ ማራቶኑን ልሩጥ?» የቅልጥም አጥንቷ ለተሰነጠቀ ሯጭ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ26 ዓመት ሯጭ ነኝ። ማራቶን ሦስት ጊዜ ሮጫለሁ፤ ምርጥ ሰዓቴ 2፡33 ነው። በሐምሌ መጨረሻ የግራ ቅልጥሜ ከውስጥ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ ማመም ጀመረ። መጀመሪያ ሰውነቴ ሲሞቅ ይተወኝ ስለነበር ፍልሰታን በሙሉ እየጾምኩ ልምምዴን ሠራሁ፤ በኋላ ግን ስራመድም ያመኝ ጀመር። ራጅ ተነሥቼ ‹ምንም የለም› ተባልኩ፤ በነሐሴ መጨረሻ ኤም አር አይ ስነሣ የአጥንት ስንጥቅ ተገኘ። አምስት ሳምንት አረፍኩ። ወጌሻም አሽቶኝ ‹ጅማት ነው፣ ተስተካክሏል› ብሎኛል። ካለፉት ሁለት ሳምንታት ወዲህ በየቀኑ 40 ደቂቃ በዝግታ እሮጣለሁ፤ አያመኝም፤ ሰሞኑን የተነሣሁት ራጅም ንጹሕ ነው። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ በኅዳር፣ አውሮፓ ውስጥ ማራቶን አለኝ። ማናጀሬ ‹ካልሮጥሽ ለሚቀጥለው ቦታ ማግኘት ይከብዳል› ይለኛል፤ ቤተሰቤም ገንዘቡን ይጠብቃል። ጓደኞቼ ‹ኃይሌም ሲድኒ ላይ ያሸነፈው ታምሞ ነው፤ የዕለቱ ዕለት መርፌ ትወጊያለሽ› ይሉኛል። ካልሆነም እስከ 25 ኪሎ ሜትር አሯሯጭ ሆኜ ለመሄድ አስቤአለሁ። የወር አበባዬ ከግንቦት ጀምሮ አልመጣም፤ ልምምድ ሲበዛብኝ ሁልጊዜ ስለሚቀር አላሰብኩበትም። ልወዳደር ወይስ ልተወው?»

መልሱን ከምክንያቱ ላስቀድም፤ ይህን ማራቶን አይሩጡ፤ በአሯሯጭነትም አይግቡበት። ይህን የምለው ጉዳትዎ ከባድ ስለሆነ አይደለም። እንደገለጹት ከሆነ ስንጥቁ የወጣበት ቦታ፣ ማለትም የቅልጥም አጥንት የውስጠኛው ጠርዝ የታችኛው ክፍል፣ በሯጮች ላይ ከሚደርሱት የጫና ስንጥቆች ሁሉ በደንብ ከሚድኑት ወገን ነው። የምከለክልዎ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ከውድድሩ በፊት ባሉት አምስት ሳምንታት ሊሠሩት የሚገደዱት ልምምድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እግረ መንገድዎን በመጨረሻ የጠቀሱት፣ ከጠየቁኝ ሁሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ፣ የወር አበባዎ መቅረት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ መጥፋት። አጥንት በሩጫ ጫና የደከመውን ክፍሉን በየጊዜው አፍርሶ መልሶ የሚሠራ፣ ሕይወት ያለው አካል ነው። ሥራው ግን ቅደም ተከተል አለው፤ በቅድሚያ የደከመውን አጥንት የሚቦረቡሩ ሕዋሳት ይመጣሉ፤ አዲስ አጥንት የሚሞሉት ሕዋሳት ሥራቸውን የሚጀምሩት ከሳምንታት በኋላ ነው። በዚህ መካከል ያ ቦታ ከቀድሞው የሳሳ ሆኖ ይቆያል። ሯጩ በዚህ ጊዜ ጫናውን ካልቀነሰ መፍረሱ ከመገንባቱ እየቀደመ ይሄድና መጀመሪያ የአጥንቱ ሽፋን፣ ቀጥሎ መቅኔው ያብጣል፤ በመጨረሻም ስንጥቁ ይወጣል። እርስዎ በፍልሰታ «ሲሞቅ ይተወኛል» እያሉ የሮጡት ይህ ሁሉ ከውስጥ እየተካሄደ ሳለ ነው። ዕረፍት ሲጀመር ጫናው ስለሚቀር ሕመሙ ቶሎ ይጠፋል፤ አዲሱ አጥንት ግን ገና ለጋ ነው። አዲስ የተሞላ ኮንክሪት በማግስቱ ሰው ቢረግጠውም ጣሪያ አይጫንበትም፤ የእርስዎም ቅልጥም አሁን ያለው በዚያ ደረጃ ላይ ነው። የማፍረስና የመገንባቱ ዙር ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ከሦስት እስከ አራት ወር ይወስዳል፤ ስንጥቅዎ በምርመራ ከታወቀ ግን ገና ሰባት ሳምንት ገደማ መሆኑ ነው።

በየቀኑ 40 ደቂቃ ያለ ሕመም መሮጥዎ መልካም ዜና ነው፤ ግን የሚያረጋግጠውን ያህል ብቻ እንቀበለው። በ40 ደቂቃ ዝግ ያለ ሩጫ የግራ እግርዎ መሬት የሚረግጠው ወደ 3,300 ጊዜ ያህል ነው። ማራቶኑን በ2፡33 ሲሮጡ ግን በደቂቃ 180 ርምጃ ቢወስዱ በጠቅላላው ከ27,000 በላይ ርምጃ ይሆናል፤ የግራ እግርዎ ድርሻ ከ13,000 ያልፋል። ያውም በፍጥነት፣ በአስፋልት ላይ፣ የባት ጡንቻዎ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ደክሞ ድንጋጤውን መምጠጥ ሲያቅተው ጭምር ነው። እያንዳንዱ ርምጃ የሰውነትዎን ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ከመሬት ወደ እግርዎ ይመልሳል፤ ጡንቻዎች ሲወጠሩ የሚጨምሩት ጫና ሲታሰብ ደግሞ በቅልጥም አጥንት ላይ የሚያርፈው ከዚያም በብዙ ይበልጣል።

ብዙ ሯጮችና አሠልጣኞች ግን የሚሳሳቱት ጥያቄውን በውድድሩ ዕለት ላይ ብቻ ሲያቆሙት ነው። «አንድ ቀን ነው፣ እችለዋለሁ» ይላሉ። በእኔ ልምድ ሯጩን ዳግም የሚሰብረው አብዛኛውን ጊዜ ውድድሩ ሳይሆን ለውድድሩ ለመድረስ የሚደረገው ጥድፊያ ነው። ከአምስቱ ሳምንታት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ልምምድ የሚቀንሱባቸው ናቸው። ስለዚህ ከ40 ደቂቃ ሶምሶማ ተነሥተው 30 እና 35 ኪሎ ሜትር የአስፋልት ሩጫ፣ የፍጥነት ልምምድ (ስፒድ) እና ዳገት ለመሥራት የቀረዎት ጊዜ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ይህ ለጋ አጥንት ሊከተለው የሚችል ፍጥነት አይደለም። ልብና ሳንባ ደግሞ ይህን ያባብሱታል፤ ከዕረፍት ሲመለሱ ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል፤ አጥንት ግን ወራት ስለሚፈልግ፣ «ትንፋሼ ጥሩ ነው» የሚለው ስሜት ሯጩን አጥንቱ ካልደረሰበት ቦታ ይወስደዋል። ልምምዱን ትተው በያዙት ብቃት ብቻ ቢሮጡ ደግሞ፣ ያልተዘጋጀ ጡንቻ ቶሎ ስለሚደክም ጫናው ወደ አጥንቱ ይዞራል። በሁለቱም መንገድ ሒሳቡ አይሞላም።

ስለ ራጁ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። ራጅ በጫና ስንጥቅ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያሳይም፤ ከዚያም በኋላ ሳያሳይ ሊቀር ይችላል። በነሐሴ «ምንም የለም» ያለዎት ያው ራጅ ዛሬ «ንጹሕ ነው» ስላለ ድነዋል ማለት አይደለም፤ ያኔ ያላየውን አሁን ጠፋ ብሎ ሊመሰክር አይችልም። ኤም አር አይ ልድገም ወይ ብለው ቢያስቡም፣ ለዚህ ቦታ ገንዘብዎን እንዲያወጡ አልመክርም። በኤም አር አይ የሚታየው የመቅኔ እብጠት አጥንቱ ከዳነም በኋላ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ ውጤቱ ሳያስፈልግ ያስደነግጥዎታል እንጂ ውሳኔውን አያቀልልዎትም። ይልቅ የነሐሴውን የኤም አር አይ ወረቀት ያውጡና ደረጃውን ይመልከቱ። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ባሉ ደረጃዎች ይጻፋል፤ ዝቅ ባሉት ደረጃዎች የስንጥቅ መስመር የለም፣ እብጠት ብቻ ነው፤ 4 ከሆነ መስመሩ ራሱ ታይቷል ማለት ነው። ሐኪምዎ «ስንጥቅ» ያለዎት ከእነዚህ የትኛውን እንደሆነ ከጥያቄዎ ማወቅ አልቻልኩም፤ 3 ወይም 4 ከሆነ ወደ ሙሉ ልምምድ ለመመለስ ከሦስት ወር በላይ ቢፈጅ የሚያስደንቅ አይደለም።

ወጌሻውን በተመለከተ፣ የተሸማቀቀ ጡንቻን በማፍታታት ብዙ ሯጭ የሚረዱ ወጌሾች እንዳሉ አውቃለሁ። ነገር ግን ስንጥቅ በእጅ ታሽቶ አይገጥምም፤ በኤም አር አይ የተረጋገጠን የአጥንት ጉዳትም በመዳሰስ ብቻ «ጅማት ነው» ማለት አይቻልም። ባትዎን ቢያሻሹ ችግር የለውም፤ በቅልጥሙ ጠርዝ ላይ ግን ማንም በአውራ ጣቱ እንዳይጫንዎት። ያ ቦታ ለምርመራ ያህል ቀስ ብሎ ይነካል እንጂ አይታሽም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። የወር አበባዎ ከግንቦት ጀምሮ ቀርቷል፤ ሕመሙ የጀመረው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ይህን ቅደም ተከተል እንደ አጋጣሚ አላየውም። «ልምምድ ሲበዛ ይቀራል» የሚለው አነጋገር በሴት ሯጮች ዘንድ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ የጥንካሬ ምልክት እስከመባል ደርሷል፤ አሠልጣኞችም ሰምተው ያልፉታል። የሚያስቀረው ግን ልምምዱ ራሱ ሳይሆን ከልምምዱ ጋር ያልተመጣጠነው ምግብ ነው። ሰውነት በሩጫ የሚያወጣውን ኃይል የሚተካ ምግብ ሲያጣ፣ ለዕለቱ ሕይወት አያስፈልጉኝም ያላቸውን ሥራዎች ይዘጋል፤ መጀመሪያ ከሚዘጉት አንዱ የመራቢያ ሥርዓት ነው። በዚህም ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ኤስትሮጅን ደግሞ አጥንት የሚያፈርሱትን ሕዋሳት የሚገታ ነው። እርሱ ሲጎድል ቀደም ብዬ የገለጽኩት ማፍረስ ልጓሙን ያጣል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን ችግር በአንድ ስም ጠቅልለው ያቀረቡት፣ በኋላም በ2018 እና በ2023 ያደሱት፣ ጉዳቱ ከአጥንት አልፎ ደምን፣ የሰውነትን በሽታ የመቋቋም ኃይልንና የውድድር ውጤትን ጭምር እንደሚነካ በመረዳት ነው። ወንድ ሯጮችንም ይነካል፤ እነርሱ ላይ ግን በየወሩ የሚታይ ምልክት የለም።

ስለዚህ አምስቱ ሳምንታት ዐሥር ቢሆኑልዎት እንኳ፣ ይህ ሳይስተካከል ወደ ማራቶን ልምምድ ቢመለሱ ቀጣዩ ስንጥቅ የቦታና የጊዜ ጉዳይ ነው። ቅልጥሙ ዕድለኛ ቦታ ነበር። የሚያስፈራኝ ቀጣዩ በታፋ አጥንት አንገት ላይ፣ ማለትም ከዳሌ መጋጠሚያው ሥር፣ ሊወጣ መቻሉ ነው፤ በዚያ ያለ ስንጥቅ ተለያይቶ ከተሰበረ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ የሩጫ ሕይወትንም ሊያቋርጥ ይችላል። በብሽሽትዎ ውስጥ፣ በተለይ ሲረግጡ፣ ጠለቅ ያለ ሕመም ከተሰማዎት «ጡንቻ ነው» ብለው አንድ ቀን እንኳ አይሩጡበት፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ይዩ፤ እስኪታዩም እግሩን አይጫኑት። በእግር መዳፍ መካከለኛው ክፍል አናት ላይ፣ በትንሿ ጣት በኩል ባለው የመዳፍ አጥንት መነሻ እና በቅልጥም የፊት ለፊት ጠርዝ ላይ የሚወጡ ስንጥቆችም በቀላሉ የማይድኑ ናቸው፤ እስካሁን ስለ ቅልጥምዎ የነገርኩዎት ለእነርሱ አይሠራም።

ምክንያቱ ምግብ ነው ብሎ ከመደምደም በፊት ግን ሌሎቹ ይጣሩ። የእርግዝና ምርመራ ይቅደም። ቀጥሎ፣ የወሊድ መከላከያ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። በተለይ በየጤና ጣቢያው በስፋት የሚሰጠው የሦስት ወር መርፌ የወር አበባን ያስቀራል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም የአጥንትን ጥግግት እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ለአብዛኛዋ ሴት ጥሩ መከላከያ ነው፤ አጥንቷ ለተሰነጠቀ የማራቶን ሯጭ ግን ሌላ አማራጭ ቢፈለግ እመርጣለሁ። በተቃራኒው የሚዋጡ እንክብሎች በየወሩ ደም እንዲታይ ስለሚያደርጉ ሁሉ ነገር ደኅና ያለ ያስመስላሉ፤ ያ ደም የራስዎ ሆርሞን መመለሱን አያመለክትም። ከደም ምርመራዎች የቫይታሚን ዲ፣ የብረት ክምችትና የታይሮይድ ምርመራ ይደረግልዎ፤ ፀሐይ ባለበት አገር መኖር ብቻውን ለቫይታሚን ዲ ዋስትና አይደለም። የአጥንት ጥግግት መለኪያ ባለበት ቦታ ቢለኩ ደግሞ ወደፊት ለማነጻጸር ይጠቅምዎታል።

ጾሙን በተመለከተ «ይተዉት» አልልዎትም፤ እርሱ ከንስሐ አባትዎ ጋር የሚነጋገሩበት ነው፤ መታመምዎን ከነገሯቸውም መፍትሔ የሚያጡልዎት አይመስለኝም። እኔ የምናገረው ስለ ሰዓቱ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሮጦ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መዋል፣ ሰውነት ለመጠገን አብዝቶ በሚፈልግበት ጊዜ ባዶ መተው ነው። የጾም ምግብ ራሱ ጠላት አይደለም፤ ጤፍ በካልሲየም ከሌሎች እህሎች ይሻላል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሱፉና ኑጉ በቂ ሆኖ በሰዓቱ ከተበላ ብዙ ይረዳል። ነገር ግን ወተትና እንቁላል በሌለበት፣ በቀን እስከ 1,000 ሚሊ ግራም የሚያስፈልገውን ካልሲየም ከማዕድ ብቻ ማግኘት ስለሚከብድ ተጨማሪ እንክብል ሊያስፈልግዎ ይችላል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ይህም በትክክል አጥንትዎ የሚጠነክርበት ወቅት ስለሆነ ከወዲሁ ያስቡበት።

ስለ መርፌው አጥብቄ ነው የምናገረው። «የዕለቱ ዕለት» የሚወጉት ብዙውን ጊዜ ዳይክሎፌናክ ነው። ይህ መድኃኒት ሕመሙን ይሸፍናል፤ ለስንጥቁ የሚያደርግለት ነገር የለም፤ የአጥንትን መጋጠም እንደሚያዘገይም ይጠረጠራል። ሁለት ሰዓት ተኩል እየሮጠ ውኃ ባጠረው ሰውነት ውስጥ ደግሞ ኩላሊትንና ጨጓራን ሊጎዳ ይችላል። ሕመም በ20ኛው ኪሎ ሜትር «አቁሚ» ሊልዎት የሚችለው ብቸኛው ድምፅ ነው፤ እርሱን ዝም አሰኝተው ሲሮጡ፣ ስንጥቁ ሙሉ ስብራት የሚሆንበትን ቅጽበት ሊያውቁ አይችሉም። ከዚያ በላይ ግን ሯጮች ቸል የሚሉት የዶፒንግ ጉዳይ አለ። እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ ኮርቲዞን መድኃኒቶች በማንኛውም ዓይነት መርፌ ቢሰጡ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድር ወቅት የተከለከሉ ናቸው። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻም ከጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዷል። የውድድር ወቅት የሚባለው ከዋዜማው ሌሊት 5፡59 ጀምሮ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ከዚያ በፊት ተወግተውትም በሽንት ውስጥ ለቀናት፣ አንዳንዱ ለሳምንታት ይገኛል። በአንዳንድ ክሊኒኮች ለሕመም ሲወጉ ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ ይሰጣል፤ ለታካሚው ስማቸው አይነገረውም። «አላወቅኩም ነበር» ማለት ደግሞ አያድንም፤ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ሁሉ ኃላፊው ሯጩ ራሱ ነው። አንድ ማራቶን ላለማጣት ብለው የዓመታት እገዳ እንዳያተርፉ።

ኃይሌን በተመለከተ ጓደኞችዎ የነገሩዎት ግማሹን ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2000 ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ ቀድሞ ያገኘው፣ እውነት ነው፣ ተረከዙን እየታመመ ነው። የእርሱ ጉዳት ግን የጅማት እንጂ የአጥንት አልነበረም፤ የሮጠውም 25 ዙር፣ 27 ደቂቃ ገደማ ነው። ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ለወራት ከውድድር ርቆ በቀጣዩ ነሐሴ ኤድመንተን ላይ በዓለም ሻምፒዮና ሲመለስ ነሐስ ነው ያገኘው። ከእርስዎ ጉዳት ጋር የሚቀራረበው የፓውላ ራድክሊፍ ታሪክ ነው። የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ሳለች በ2008 የታፋ አጥንቷ ተሰንጥቆ፣ ለቤጂንግ ኦሊምፒክ በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ደርሳ ሮጠች፤ 23ኛ ወጣች። ምሳሌ ካስፈለገዎት ቀነኒሳ በቀለን ያስቡ፤ በ2019 በርሊን ላይ 2፡01፡41 የሮጠ ሰው፣ በቀጣዩ ዓመት ለንደን ላይ በጉጉት ከሚጠበቀው ውድድር ሁለት ቀን ሲቀረው በባቱ ጉዳት ምክንያት ራሱን አገለለ። በ2024 በዚያው በለንደን፣ በ41 ዓመቱ 2፡04፡15 ሮጦ ሁለተኛ ወጥቷል። በርግጥ ከኦሊምፒክ ሜዳሊያ ጋር ቢሆን ኖሮ የእርስዎም ሒሳብ ሌላ በሆነ ነበር፤ ለአንድ የኅዳር ማራቶን ግን አይደለም።

የአሯሯጭነቱ ሐሳብ ብልህነት ቢመስልም ከሁሉ የባሰ ምርጫ ነው። አሯሯጭ በራሱ ስሜት አይሮጥም፤ በተዋዋለው ፍጥነት ነው የሚሮጠው፤ ሕመም ቢጀምረው ከኋላው የተሰለፉትን ላለመበተን ሲል ይታገሣል። ለአጥንት ደግሞ ፍጥነት ርቀትን ያህል፣ አንዳንዴም ከርቀት በላይ ያስከፍላል። ለቡድኑ የሚያስፈልገውን ፍጥነት እስከ 25 ኪሎ ሜትር የሚይዙ ከሆነ፣ ከማራቶኑ የቀረልዎት የመጨረሻው 17 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የአምስቱ ሳምንት የፍጥነት ልምምድ ግን አልቀረልዎትም።

የገንዘቡን ጉዳይ አቅልዬ አላየውም። ቤተሰብ በአንድ ሯጭ እግር ላይ ሲቆም ሐኪም «ተወው» ማለቱ ቀላል እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ውልዎን ያንብቡት፤ የመነሻ ክፍያ፣ ማለትም ለመሳተፍ የሚከፈልዎ ገንዘብ፣ በውጤት ወይም ቢያንስ በመጨረስ ላይ የተመሠረተ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ 28ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያቋረጠች ሯጭ የምታገኘው ጥቂት ነው። ማናጀርዎም ቢሆን፣ ከአምስት ሳምንት በፊት በሐኪም ማስረጃ የቀረች ሯጭ ለአዘጋጆቹ ምትክ ለመፈለግ ጊዜ ስለምትሰጥ ከዋዜማው ከቀረች ወይም መንገድ ላይ ከተቀመጠች ሯጭ ይልቅ እንደሚቀልለው ያውቃል። የሚያስፈራዎት የሚቀጥለውን ጥሪ ማጣት ከሆነ፣ ጥሪውን ይበልጥ የሚያርቀው በስምዎ አጠገብ የሚጻፈው «አቋረጠች» የሚለው ቃል ነው።

በሚቀጥሉት ወራት ምን ይሥሩ ለሚለው፣ በየቀኑ መሮጡን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉና በሁለት ቀን አንዴ ያድርጉት፤ ጊዜውም ለሁለት ሳምንት ከ30 ደቂቃ አይለፍ። አዲስ አበባ ከሆኑ ጃን ሜዳን የመሰለ ለጥ ያለ ሣር ይምረጡ፤ የእንጦጦ ጫካ አፈሩ ለስላሳ ቢሆንም ቁልቁለቱ ቅልጥምን ይጎዳል፤ ኮሮኮንቹንና አስፋልቱንም ያቆዩት። ወደ ሚቀጥለው ደረጃ የሚያልፉት የቀን መቁጠሪያ ስለፈቀደ ሳይሆን ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ ጠርዙን በጣት ሲጫኑት የማያም ከሆነ፣ በግራ እግርዎ ብቻ ደረቅ መሬት ላይ ዐሥር ጊዜ ሲዘሉ ምንም ካልተሰማዎት፣ ከሮጡ በኋላ ባለው ሌሊትና ጠዋት ሕመም ካልመጣ። ከዚያ በቅድሚያ የሚጨምረው ደቂቃው ነው፤ ፍጥነት ከዚያ ይከተላል፤ ቁልቁለትና ስፒድ ከሁሉ በኋላ ይመጣሉ። ሕመሙ ከተመለሰ ጥቂት ቀን አርፈው ካቆሙበት ሳይሆን አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ይጀምሩ። ትንፋሽዎን ለመጠበቅ ዋና ገንዳ ውስጥ በመንሳፈፊያ ቀበቶ መሮጥ ወይም ብስክሌት መርገጥ ይችላሉ፤ ግን የወር አበባዎ ሳይመለስ የተዉትን የሩጫ ሰዓት በሙሉ በብስክሌት ከተኩት፣ አጥንቱን ያሳረፉ መስሎዎት ያንኑ የምግብ ጉድለት መልሰው ያመጡታል። በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አይሂዱበት።

ይህ ሁሉ በመልካም ከሄደ በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ ተለመደው የልምምድ መጠን መቃረብ፣ በየካቲት 10 ወይም 21 ኪሎ ሜትር መወዳደር ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ለማራቶን ግን ከሚያዝያ ቀደም ያለ ቀን አይቀበሉ፤ ዝግጅቱ ከዐቢይ ጾም 55 ቀናት ጋር ስለሚገጥምም የአመጋገቡን ነገር ሳይወስኑ አይፈርሙ። እስከዚያ የወር አበባዎ ካልተመለሰ የሚያዝያውም ይቅር፤ በዚህ ነጥብ ላይ ማናጀርዎ ወይም አሠልጣኝዎ ቢያግባባዎት እንኳ አይስማሙ። ርቀት ላይ ሆኜ እግርዎን ሳልነካ ስለምጽፍ፣ ጊዜዎቹን በአካል የሚያይዎት የስፖርት ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ሊያሳጥራቸው ወይም ሊያስረዝማቸው ይችላል፤ የኅዳሩን ማራቶን በተመለከተ ግን የሚለወጥ ነገር አይታየኝም።

በዚህ ሳምንት ኤም አር አዩን ያነበበው ሐኪም ዘንድ ሄደው የጉዳቱን ቦታና ደረጃ፣ የታወቀበትን ቀንና «ለማራቶን ውድድር አልደረሰችም» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፎ እንዲፈርምልዎ ይጠይቁ። ለማናጀርዎ ደብዳቤውን ሲልኩ ጥሪው በሚያዝያ ወደሚደረግ ውድድር ይዛወርላት ብሎ አዘጋጆቹን በዚያው መልእክት እንዲጠይቅልዎ ይንገሩት፤ ይህን ማድረግ የሚቻለው አሁን፣ የተወዳዳሪዎች ዝርዝር ከመታወጁ በፊት ነው።